ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈችው ጥያቄ

ሰው እበት ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ የምይዘው በረኪና ሲሸተኝ ነው። የሆስፒታል ኮሪደር ሲወለወል፣ ጎረቤቴ ነጭ ልብሷን ዘፍዝፋ ደጅ ስታሰጣ፣ ያ ሽታ ከደረሰብኝ ሆዴ ይገለበጣል። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። የምሠራው የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነዋ። የመቶ ሺህ ሰው ሽንት ቤት ተጠራቅሞ የሚመጣውን ነገር በብርጭቆ እየቀዳሁ ስመረምር ውዬ፣ እጄን ታጥቤ ዳቦዬን እበላለሁ፤ ምንም አይመስለኝም። የጽዳት ሠራተኛዋ በረኪናዋን ይዛ ስትገባ ግን ዳቦዬን ጥዬ እወጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሙያውም ቁመቱም ተደምሮ ሰፈሩ «ቱቦ» ይለዋል፤ እሱም አቤት ብሎ ይዞራል እንጂ አይቆጣም። እናቴ በግቢያችን ጥግ በቆመች የቆርቆሮ ማድ ቤት ውስጥ፣ መንገዱን ይዘው ለተደረደሩት ጋራዦችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት የከሰል ምድጃ ይነዳል። ግድግዳው ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ይቀባኛል። እናቴ ታስላለች። እኔ ሳሏን እንደ በሽታ አላውቀውም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢውን በር ሳልከፍት ሳሏን እሰማና «እማዬ አለች» እላለሁ፤ በቃ።

አንድ ቀን አባቴ ሐኪም ዘንድ ወስዷት ተመለሱ። እሷ ተኛች፤ እሱ ሳሎን ውስጥ ለአክስቴ ሲያወራ እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። የሰማሁት ግማሽ ግማሹን ነው። «ሳንባዋ…» አለ። ቀጥሎ «እንዲህ ከቀጠለች ሦስት ዓመት አትሞላም ብሎኛል» አለ። የቀረውን በሹክሹክታ ነው የነገራት።

ምኑ እንደሚገድላት አልሰማሁም። እሱን ራሴው ሞላሁት። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል ነበር፤ ዝንብ ከሽንት ቤት ተነስታ የምግብ ሳህን ላይ ስታርፍ ያሳያል፤ ከሥሩ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ አረንጓዴ አውሬዎች ተስለዋል። መምህራችን በማስመሪያ እየጠቆመች «በሽታ የሚመጣው ከነዚህ ነው» ብላናለች። ስለዚህ የእናቴን ሳንባ የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጭስ ጥርስ የለውም።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከቤታችን ፊት ለፊት የከሰል መጋዘን ነበራት፤ የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ የሚነደው ከሷ በተገዛ ከሰል ነው። ጫኝና አውራጆቹ ከጥርሳቸውና ከዓይናቸው በቀር ነጭ ነገር የላቸውም። እሷ ግን በር ላይ በተቀመጠ ወንበር፣ ነጭ ቀሚስና ነጭ ጓንት አድርጋ፣ ሽቶዋ ከመንገዱ ማዶ እየተሰማ ትቀመጣለች። አንዲት ፍንጣሪ ቀሚሷ ላይ ስታርፍ አይቼ አላውቅም። ብስኩት ስትሰጠኝ እንኳ በወረቀት ይዛ ነው። በልጅነት ዓይኔ ዓለም ላይ ንጹህ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ሁሉ ጥቀርሻ ሌላው ሰው እየተሸከመላት እንደሆነ እንዴት ሳላይ ቀረሁ እላለሁ።

ከሐኪሙ በኋላ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ከከተማው ዳር አንድ የከብት እርባታ ውስጥ ቧንቧ ሲጠግን፣ ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ አይቶ ኖሯል። ግቢያችንን መቆፈር ጀመረ። ከሥራ በፊት ይቆፍራል፣ ከሥራ ሲመለስ ይቆፍራል። አንድ ግንበኛ ጓደኛው መጥቶ ጉድጓዱን በጡብ ገንብቶ ጣሪያውን እንደ ተደፋ ድስት ደፋው። ባንድ በኩል እበቱ የሚበጠበጥበት ገንዳ ተሠራ፣ በሌላ በኩል ትርፉ የሚወጣበት። ከጣሪያው ቀጭን ቧንቧ ወጥቶ ማድ ቤቱ ድረስ ተዘረጋ። እበቱ ከሁለቱ ላሞቻችንና ከጎረቤታችን ከወተት ሻጯ ስምንት ላሞች ይመጣል።

አባቴ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ገንዳው ውስጥ እስከ ክርኑ ይገባል። ውሃና እበቱን ያሻል፣ ገለባውን በጣቱ እየለቀመ ይጥላል። ነጫጭ ትሎች ክንዱ ላይ ይንፏቀቃሉ። አንድ ቀን «ሚጢጢ፣ ነይ እስቲ እጅሽን ክተቺ፤ ይሞቃል እኮ!» አለኝ። በደስታ ነበር የጠራኝ። ቀረብ አልኩና አየሁት፤ አረንጓዴ ቡናማ ነገር፣ አረፋ የያዘ፣ መሃሉ ላይ ቡልቅ ቡልቅ የሚል። እዚያው ቁርሴን አስመለስኩ። አባቴ ሳቀ፤ ያስመለስኩትንም ባካፋ ዝቆ ገንዳው ውስጥ ጨመረው።

«እሱም ይሆናል?» አልኩት አፌን እየጠረግኩ።

«ሁሉም ይሆናል። ከነገ ወዲያ ደግሞ የሽንት ቤቱን ቧንቧ አገናኘዋለሁ።»

«የማንን ሽንት ቤት?»

«የኛን ነዋ!»

«የኛም?»

«የኛም። ያንቺም የኔም።»

የዚያን ቀን የተሰማኝን መጸየፍ ዛሬም አልረሳሁትም። ቆዳዬ ራሱ የሚሸት መሰለኝ።

ጋዙ ለመምጣት አርባ ቀን ፈጀበት። በአርባ አንደኛው ቀን አባቴ እናቴን እጇን ይዞ ማድ ቤት አስገባትና ክብሪት ጫረ። ሰማያዊ ነበልባል ወጣ። ጸጥ ያለ፣ ንጹህ ሰማያዊ።

«ጭሱስ?» አለች እናቴ።

«የለውም።»

«ሽታውስ?»

«የለውም አልኩሽ እኮ።»

እናቴ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን አስጠግታ፣ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ቀና ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ከሳቋ በኋላ ሳል አልተከተለም። እኔ ግን እሱን ልብ አላልኩም። እኔ የማየው ባቄላ የተጣደበትን ድስት ነው፤ ከሥሩ የሚነደው ምን እንደሆነ ነው። እናቴ ደግሞ እላዩ ላይ ጎንበስ ብላ ትስበዋለች! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ምግብ አልበላም አልኩ። ምሳዬን አክስቴ ዘንድ መብላት ጀመርኩ። ትምህርት ቤት ልጆቹ «እበቷ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ አጠገቤ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አባቴን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው። አዎ፣ ጠልቼው ነበር።

እናቴ ሳታስል የኖረችው አምስት ሳምንት ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ሳል አልሰማሁም። አንድም ቀን «ምነው ዛሬ ዝም አለች?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ሰፈርተኛው ደግሞ አባቴን መንገድ ላይ እያስቆመ በጥያቄ አላስኬድ አለው። አባቴ አንድ ኮምፔንሳቶ ነጭ ቀለም ቀባና የሰዉን ጥያቄዎች በቀይ ጻፈበት፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ታዳሽ ኃይል የሚባለው የትኛው ነው? የማይታደሰውስ? ይፈነዳል ወይ? ምግቡ ይሸታል ወይ? በየጥያቄው ሥር መልሱን በጥቁር ጻፈ። ሰሌዳውን ግቢ ውስጥ አቆመና አንድ እሁድ ጠዋት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ከኢነርጂ ቢሮ ሰዎች በወሩ መጨረሻ ሊያዩት ይመጣሉ፤ መሥራቱን ካዩ ለሃያ ቤት እንዲሠራ ሊያግዙት ቃል ገብተዋል። ሰዉ ከወዲሁ እንዲገባው ፈልጎ ነው።

«ቱቦ፣ ፀሐይ ታልቃለች ወይ?» አለ አናጢው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ታልቃለች። ግን አንተም እኔም፣ ባለፈው የሠራህልኝ ቁም ሳጥንም ቀድመን እናልቃለን።»

ሰው ሳቀ። ቁም ሳጥኑ በሳምንቱ ነበር በሩ የወለቀው።

«የኔን ናፍጣ ምን አድርጎህ ነው የምትሰድበው?» አለ ጋራዥ ያለው ሰውዬ።

«ናፍጣህ ከመሬት ሆድ ነው የሚወጣው። መሬት እሱን ለመሥራት የፈጀባትን ዘመን ብነግርህ አታምነኝም፤ አንተ በአንድ ጠዋት ታጨሰዋለህ። ተመልሶ አይሞላም። የማይታደስ ያልኩት ለዚያ ነው። የላም ሆድ ግን በየጠዋቱ ይሞላል።»

«በየጠዋቱ ማን እንደሚሞላው እኔን ጠይቁኝ!» አለች ወተት ሻጯ። እንደገና ሳቁ።

አክስቴ ለብቻዋ በወጣላት ወንበር፣ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጓንት ያጠለቀ እጇን ከፍ አደረገች። «ከሰል ዛፍ ነው። ዛፍ ይበቅላል። የኔም ታዳሽ ነው ማለት ነዋ!»

አባቴ ጥያቄው ደስ አለው፤ ፊቱ ፈካ። «ልክ ብለዋል፣ እትዬ። ዛፍ ይበቅላል። ግን አንድ ዛፍ ለመብቀል ስንት ዓመት ይፈጅበታል? እርስዎ መጋዘን የገባው ከሰልስ ስንት ቀን ይቆያል? የምንቆርጠው ከሚበቅለው ከፈጠነ ታዳሹም ያልቃል።»

ሰው አጉረመረመ፤ «እውነቱን ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። አክስቴ ፈገግ አለች። ጥቂት ቆይታ፣ ለጨዋታ ያህል በሚመስል ድምፅ፣ «እሺ ይሄ ነገር በምን ይበላሻል?» አለች። «ሰው እንዲጠነቀቅ ብዬ ነው።»

«ውስጡ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ፍጥረታት አሉ። ጋዙን የሚሠሩት እነሱ ናቸው» አለ አባቴ። «እነሱ ከሞቱ ጋዝ የለም። ለዚህ ነው ሽንት ቤታችን በረኪና የማይገባው።»

«ስንት በረኪና ይገድላቸዋል?»

ይህቺ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ የለችም። ሌላ ማንም ጠይቋት አያውቅም። አባቴ ግን የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ሰው ነው። ግንባሩን አሸት አደረገና «ጠብታ ምንም አያደርጋቸውም። በየቀኑ ሁለት ሊትር ቢገባባቸው ግን… አሥር ቀን አይቆዩም» አላት።

«እንዲያ ነው?» አለች አክስቴ። መሐረቧንም አጣጠፈች።

እኔ ከሰሌዳው ጀርባ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ሌላ ነው። በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ፍጥረታት! አባቴ በገዛ አፉ ተናገረ። እነዚያ ጥርስ ያላቸው አረንጓዴ አውሬዎች እኛ ግቢ ውስጥ፣ ጉድጓድ ሙሉ አሉ፤ እሱ ያረባቸዋል፤ በቧንቧ እየሄዱ እናቴ ፊት ላይ ይወጣሉ። የሚገድላቸውም ነገር አለ።

በማግስቱ ምሳዬን በልቼ ስጨርስ አክስቴን ጠየቅኳት። «አክስቴ፣ እነዛ ፍጥረታት ቢሞቱ እማዬ ትድናለች?»

አየችኝ። ብዙ ነው ያየችኝ። ያቺ ሴት ያን ጊዜ «አይ፣ የኔ ልጅ፣ ተሳስተሻል» ማለት ትችል ነበር። ከአንድ ትንፋሽ አያልፍባትም ነበር። እሷ ግን ብስኩቱን በወረቀት ይዛ አቀረበችልኝና «እንዴት ያለሽ ብልህ ልጅ ነሽ!» አለችኝ።

ከመጋዘኑ ጓዳ በረኪና የሞላ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አመጣች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ እየወሰድኩ ሽንት ቤት ውስጥ እንዳፈሰው፣ ሽታው እንዳይቀር ሁለት ባልዲ ውሃ እንዳስከትልበት፣ በሩን ከፍቼ እንድተወው አስተማረችኝ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ፤ እሱ ንጽህና አይወድም። ለእናትሽም እንዳትነግሪ፤ ስትድን ታያለሽ።» ሁሉንም ነገር አስባበት ነበር። እናቴ በጭሱ ምክንያት ማሽተት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል፤ አባቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው።

ዘጠኝ ቀን አፈሰስኩ። ዓይኔ ያነባል፣ ጉሮሮዬ ይቃጠላል፣ ግን ኮርቼ ነበር። እናቴን የማድናት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ጣቶቼን እያሸተትኩ እተኛለሁ።

ነበልባሉ ማነስ ጀመረ። መጀመሪያ ድስቱ ቶሎ አልፈላ አለ፤ ቀጥሎ እሳቱ ብልጭ ጥፍት ይል ጀመር። አባቴ ቧንቧው የሚያፈተልክ መስሎት መገጣጠሚያውን ሁሉ ሳሙና እየቀባ አረፋ ይፈልጋል። በደረቱ ተኝቶ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ምንም። «ነገ ሰዎቹ ይመጣሉ» እያለ ግቢውን ይዞራል። እናቴ «ይስተካከላል፣ አይዞህ» ትለዋለች። እኔ ደግሞ አውሬዎቹ እየሞቱ ነው እያልኩ በውስጤ እቆጥራለሁ።

በአሥረኛው ቀን ሰዎቹ በመኪና መጡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ወረቀት የያዙ። ሰፈርተኛው ግቢውን ሞላው። እኔ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ የመጨረሻውን ጀሪካን አፍስሼ፣ እንግዳ ይመጣል ብዬ በቀረው ጠብታ እጆቼን እስከ ክርኔ አሽቼ ታጥቤ ነበር። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ አክስቴ አጠገብ ቆምኩ።

አባቴ ክብሪት ጫረ። ምድጃው ላይ ያዘው። ክብሪቱ እስከ ጣቱ ነደደና ጠፋ። ሁለተኛ ጫረ። ሦስተኛ። አራተኛ። «ቱቦ፣ አንተው ተንፍስበት!» አለ አናጢው፣ ግቢውም በሳቅ ፈነዳ። አክስቴ አልሳቀችም። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ በእህቷ ባል ላይ ለደረሰው የምታዝን ሰው መስላ፣ ራሷን ነቀነቀች። ዛሬ ከሁሉም ከሁሉም ያቺ የራስ መነቅነቅ ናት የምታቅለሸልሸኝ።

አባቴ ወጥቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። የሽንት ቤቱ ቧንቧ የሚገባበትን ክዳን አንስቶ በጉልበቱ ተንበረከከና አሸተተ። ለረጅም ጊዜ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ከዚያ ተነሳ፣ ዙሪያውን አየ፣ ወደ እኔ መጣ። ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ሁለት እጆቼን ያዘ። ወደ ፊቱ አስጠግቶ አፍንጫውን መዳፌ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እጄን የሳመኝ መሰለኝ፤ በመጨረሻ ንጽህናዬን አይቶ የተደሰተብኝ መሰለኝ።

«እጅሽ ንጹህ ነው» አለኝ በጣም ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ አባዬ!» አልኩት።

ቀና አለና ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ስሌቴ ነው የተሳሳተው።»

ሰዎቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። በሳምንቱ ወተት ሻጯ እበቷን ከለከለች፤ ጉድጓዱ ቀጥሎ የሚያደርገው መፈንዳት ነው ብሎ የነገራት ሰው ነበር። በሁለት ላም እበት ደግሞ ጉድጓዱ አይሞላም። አባቴ ክዳኑን ዘግቶ አፈር አለበሰው። እናቴ ወደ ከሰሏ ተመለሰች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጆንያዎች አክስቴ በስጦታ ላከች፤ እናቴ መንገዱን ተሻግራ ሄዳ እህቷን ጉንጯን ሳመቻት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ሳሏን ሰማሁ። «እማዬ አለች» አልኩ።

ሐኪሙ ሦስት ዓመት ብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው የቆየችው። በመጨረሻዋ ሳምንት «እህቴ ባትኖርልኝ ምን እሆን ነበር?» እያለች የአክስቴን ጓንት የለበሰ እጅ ትይዝ ነበር። እኔ የአልጋው ግርጌ ቆሜ፣ ለምን እንዳልዳነች ሊገባኝ አልቻለም። በረኪናው አንሶ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤን መናገር ይቀፈኛል፤ ግን አስቤ ነበር።

የገባኝ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጣቢያው ሲቀጥረኝ በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን ጋዝ የሚመረትበትን ትልቁን ጋን እያሳየን «በረኪና እዚህ ከገባ ሁሉም ነገር አለቀ፤ ሥራውን የሚሠሩልን ተሕዋስያን ያልቃሉ» አለን። ሌሎቹ ማስታወሻ ያዙ። እኔ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለስኩ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ዝም አልኩ። አክስቴን ማጋለጥ ራሴን ማጋለጥ ነው፤ አባቴ ያን ቀን የልጁ እጅ ምን እንደሠራ ካወቀ ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ወር ነው። አባቴ አሁን ከኔ ጋር ይኖራል፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን «በፀሐይ የሚሠራ መብራት እንግዛ» አልኩት።

«ከእትዬ ግዢ» አለኝ። «መጋዘኗን ትታ እሱን ነው የምትሸጠው አሉ። ከሌላ እንዳትገዢ፤ የእሷ ውለታ አለብን። ለእናትሽ የሆነችላትን አትርሺ።»

ሳላስበው አመለጠኝ። «አባዬ፣ ያን ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ በረኪና የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«እጅሽን አሸተትኩት እኮ።»

እሱ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ ቀጠለ። «ሰው በተሰበሰበበት ልጄ ናት ብል ዕድሜ ልክሽን በዚያ ትጠሪ ነበር። ቤት ገብቼ እንዳልጠይቅሽ ደግሞ እናትሽ ትሰማለች። በኋላ እናትሽ ስትሞት፣ ጭራሽ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ልጅ ነበርሽ። ጠልተሽው ነበር፣ ይቀፍሽ ነበር። እጅሽን ክተቺ እያልኩ ያስጠላሁሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት ውሸት አልነበረም።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ጥፋት ተሸክሞ ኖሯል። የሷን ግን አያውቅም። ብቻዬን ያደረግኩት ይመስለዋል። ልነግረው አፌን ስከፍት «በይ ሳይመሽ ሂጂ፤ ሰላም በይልኝ» አለኝ። ተነስቼ ሄድኩ።

መጋዘኑ የነበረበት ቦታ በመስታወት የተሠራ ሱቅ ሆኗል። አክስቴ አርጅታለች፤ ቀሚሷ ግን ያው ነጭ፣ ሽቶዋም ያው ነው። ሦስት ገዢዎች ፊቷ ቆመዋል። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የአባቴ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አሥራ አንዱ ጥያቄ፣ በአባቴ እጅ ጽሑፍ፣ ቀዩ ትንሽ ደብዝዟል።

«ፀሐይ ታልቃለች ወይ?» አላት አንዱ ወጣት እየሳቀ፣ ከሰሌዳው እያነበበ።

«ታልቃለች» አለች አክስቴ። «ግን አንተም እኔም ቀድመን እናልቃለን።»

ሰዎቹ ሳቁላት። የአባቴን ቀልድ እንኳ አልማረችውም!

ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ ፊቷ በራ። «ውይ፣ ሚጢጢዬ! አባትሽ ይህን ሰሌዳ እኮ በእጁ ነው የሰጠኝ፤ ለውለታዬ። ገዢ ሁሉ ይወደዋል።»

«ያምራል» አልኳት። «አንድ ጥያቄ ግን ጎድሎታል።»

ባንኮኒው ላይ ወፍራም ቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ አነሳሁት። ባንኮኒውን ዞሬ ገባሁ። ከአሥራ አንደኛው ጥያቄ ሥር በተረፈው ነጭ ቦታ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «፲፪. ስንት በረኪና ይገድላቸዋል?» ቀለሙ ጣቶቼ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ማለት ነው እሱ?» አለ ወጣቱ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት። «መልሱን ታውቀዋለች።»

አክስቴ ሰሌዳውን አየች። ቀጥላ እጄን አየች። ጓንት ያደረገ እጇን ዘርግታ የጻፍኩትን ጠረገችው፤ ገና አልደረቀም ነበርና ቀዩ ተድበስብሶ ጓንቷን አበላሸው። ወጣቱ «ምነው?» ይላል፣ ሌላዋ ሴት «ምን አጥፍተው ነው?» ትላለች። መብራቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ድምፄን ሰምቶ እጁን ዘረጋ፤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሰውን በእጁና በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። ሁለት እጆቼን ይዞ ወደ ፊቱ አስጠጋቸው።

«ቀለም ይሸታል» አለ። «ምን ስትሠሪ ነበር?»

በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም። እጆቼን እዚያው ተውኩለትና ከቢጫው ጀሪካን ጀመርኩ።